በቡና ወቅትም ማረፍ፦ የሳምንቱን የዕረፍት ቀን ሳይሸራረፍ ለመጠበቅ ደረጃ በደረጃ

ብዙ ሰው እሑድ ጠዋት «ዛሬስ አርፋለሁ» ብሎ ይነሳል። ረፋዱ ላይ ሱቁን «ለአንድ ደንበኛ ብቻ» ይከፍታል። ከሰዓት በኋላ የልጆቹን ልብስ ያጥባል። ማታ ላይ ከሌላው ቀን የባሰ ደክሞት ይተኛል። በጅማ ይህን የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው። ጥቅምት ገብቶ ቡናው መቅላት ሲጀምርማ ጭራሽ ዕረፍት የሚባል ነገር ይረሳል።

ዕረፍቱ የሚበላሸው እሑድ አይደለም፤ ሐሙስና ዓርብ ነው። መናው በወረደ ጊዜ እግዚአብሔር «በሰባተኛው ቀን እረፉ» ብሎ ብቻ አልተወም። በስድስተኛው ቀን እጥፍ ሰብስቡ፣ የምትጋግሩትን ጋግሩ፣ የምትቀቅሉትን ቀቅሉ አለ (ዘጸአት 16)። እርሱ ይሰጣል ብሎ መታመን ማለት የዓርቡን ሥራ በዓርብ መጨረስ ማለትም ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦ አንድ ደብተር፣ አንድ ፖስታ ወይም ለብቻው የሚቀመጥ የቴሌብር ሒሳብ፣ የቤተሰቡ ሁሉ ስምምነት። ሦስተኛው ከሌለ በራሳችሁ ብቻ አትጀምሩ።

ማስጠንቀቂያ። ይህ መመሪያ ሥራ ለማቆም ሰበብ አይሆንም። ትእዛዙ ራሱ «ስድስት ቀን ሥራ» ይላል። ጳውሎስም ሊሠራ የማይወድ አይብላ ብሏል (2ኛ ተሰሎንቄ 3፥10)። ስድስቱን ቀን እያላገጠ የቆየ ሰው ሰባተኛው ቀን አያሳርፈውም።

ደረጃ 1፦ ቀኑንና ሰዓቱን ቁረጡ

ሙሉ ሃያ አራት ሰዓት ያዙ። ከማታ እስከ ማታ ማድረጉ ይሻላል፤ ቅዳሜ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምራችሁ እሑድ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጨርሱ። ከማታ የጀመረ ዕረፍት በእራትና በእንቅልፍ ይጀምራል። ከጠዋት የጀመረ ግን ብዙ ጊዜ በሩጫ ነው የሚጀምረው።

ቀዳሚትን የምታከብሩ ከሆነ እዚህ የጻፍኩትን ሁሉ በአንድ ቀን ወደ ኋላ ሳቡት። እሑድ ተረኛ የሆነ ነርስ፣ ጥበቃ ወይም የሆቴል ሠራተኛ ሌላ ቀን ይምረጥ። አገልጋዮችም እንደዚሁ። እሑድ ሙሉ ቀን መድረክ ላይ የሚውል ዘማሪ ወይም ሰባኪ እሑድን የዕረፍት ቀኔ ብሎ ራሱን አያታልል፤ ሰኞን ይያዝ።

የመረጣችሁትን ቀን በየሳምንቱ አትቀያይሩ። «በዚህ ሳምንት ማክሰኞ ላድርገው» ያለ ሰው ማክሰኞ ሲደርስ ሐሙስ ይላል።

ደረጃ 2፦ የሰባተኛውን ቀን ወጪ ከስድስቱ ቀን አውጡ

ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ ሥሩት።

1. ቤታችሁ በቀን ስንት እንደሚያወጣ አንድ ሳምንት ሙሉ በደብተር መዝግቡ። በግምት አትሥሩ።
2. ያንን ለስድስት አካፍሉት። ለምሳሌ በቀን 600 ብር የሚያወጣ ቤት ከሆነ፣ ሥራ በተሠራበት በእያንዳንዱ ቀን 100 ብር ለዕረፍቱ ቀን ያስቀምጣል። ስድስት መቶው ቅዳሜ ማታ ሙሉ ይሆናል።
3. ገንዘቡን ከመሸጫው መሳቢያ አውጥታችሁ ፖስታው ውስጥ ክተቱ። መሳቢያ ውስጥ የቀረ ብር ሐሙስ ላይ ዕቃ ይገዛበታል።
4. በቀን 100 ካልቻላችሁ በ50 ጀምሩና የእሑዱን ወጪ ቀንሱ። ሽሮ በልቶ ማረፍ ይቻላል።

የባጃጅ ሾፌር ከሆናችሁ ትልቁ ጭንቀት ለባለቤቱ የምታስገቡት የቀን ገቢ ነው። ከባለቤቱ ጋር ቁጭ ብላችሁ በሳምንት ስድስት ቀን ብቻ እንድታስገቡ ተስማሙ። እሺ ካላለ፣ የሰባተኛውን ቀን ገቢ በስድስቱ ላይ ከፋፍላችሁ ልትጨምሩ እንደምትችሉ አስሉና በቁጥር አሳዩት። ንግግሩን እሑድ ጠዋት በስልክ አታድርጉት፤ በሳምንቱ መሃል በአካል ሂዱ።

ዕቁባችሁ እሑድ የሚሰበሰብ ከሆነ መዋጮውን ቅዳሜ ለሰብሳቢው አስገቡ።

ስድስቱም ቀን ተሠርቶ ለስድስቱ እንኳ የማይበቃ ቤት አለ። እናንተ እንደዚያ ከሆናችሁ የልጆችን ጉርሻ ቀንሳችሁ ፖስታ አትሙሉ። በግማሽ ቀን ጀምሩ፤ ሁኔታችሁን ለምታምኑት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ተናገሩ። ሕጉ ባለ ማሳውን የእርሻህን ዳር አትጨደው፣ ለድኻና ለመጻተኛ ተወው ብሎታል (ዘሌዋውያን 19)። የእግዚአብሔር ስጦታ ብዙ ጊዜ በሌላ ሰው እጅ ነው የሚመጣው፤ ያንን እጅ መቀበል አያሳፍርም።

ለዕረፍቱ ቀን ብላችሁ ግን አትበደሩ። በብድር የተገዛ ዕረፍት ሰኞን ያስፈራል።

ደረጃ 3፦ ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ ቤቱን አዘጋጁ

ሱቁ ተዘግቶ ቤቱ ውስጥ እናት ከጎንበስ ቀና ካላረፈች፣ ያ ቤት አላረፈም። ስለዚህ ሥራውን በቀን በቀኑ ደልድሉት፤ ለአንድ ሰው አትተዉት።

ረቡዕ ማታ ሊጥ ይቡካ። ቅዳሜ በማለዳ አብሲቱ ተጥሎ ረፋዱ ላይ ይጋገር። በክረምት ዝናቡ ሲከርምና ሊጡ አልነሳ ሲል ማክሰኞ አቡኩት። መጋገሩን ለቅዳሜ ማታ አታቆዩት፤ መብራት ከሄደ ምጣዱም ዕረፍቱም አብሮ ይቀዘቅዛል።

ሐሙስ ትልቁ ገበያ ነው። ሽንኩርቱን፣ በርበሬውን፣ ጎመኑን ያን ቀን ግዙ። ዓርብ የጎደለውን ብቻ ሙሉ።

ዓርብ ልጆች ከትምህርት ቤት እንደገቡ ዩኒፎርማቸውን አስወልቃችሁ ወዲያው እጠቡ። ይህችን ነጥብ አትናቋት። በብዙ ቤት እሑድን የሚያፈርሰው የሰኞ ዩኒፎርም ነው፤ እሑድ ከሰዓት ይታጠባል፣ ዝናብ ይመጣል፣ ከዚያ ማታ ከሰል ላይ ሲደርቅና ሲተኮስ ይመሻል። የቤት ሥራም ቅዳሜ ከምሳ በፊት ይለቅ።

ቅዳሜ ወጥ ይሠራ፣ ጀሪካን ሁሉ ይሞላ፣ ቡናው ታጥቦ ተለቅሞ ይቀመጥ።

የቤት ሠራተኛ ካላችሁ፣ ዕረፍቱ የእርሷም ነው። ዘዳግም 5 ወንድ ባሪያህና ሴት ባሪያህ እንደ አንተ ያርፉ ዘንድ ይላል፤ ቀጥሎም አንተም በግብፅ ባሪያ እንደነበርህ አስብ ይላል። እሑድ ሰሃኑን ልጆቹ ይጠቡ። ወንዶቹም።

ደረጃ 4፦ ሱቁን ዝጉ

ነህምያ ነጋዴዎችን በቃል አስጠንቅቆ አልተወም፤ ሰንበት ሳይገባ፣ ገና ማምሸት ሲጀምር የኢየሩሳሌምን በሮች አዘጋ። ሻጮቹ አንድ ሁለት ጊዜ ከቅጥሩ ውጭ አደሩ፤ ሲያስጠነቅቃቸው ግን በሰንበት መምጣታቸውን ተዉ (ነህምያ 13)። እናንተም በሩን አስቀድማችሁ ዝጉ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ከቀኑ 10 ሰዓት፦ ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ «ነገ የለሁም፣ ዛሬ ያዝ» በሉ። ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና የሚወስዱትን ቀድማችሁ አስታውሷቸው።
2. 11 ሰዓት፦ አዲስ ዱቤ መስጠት አቁሙ። ሒሳብ ዝጉ። ፖስታውን ሙሉ።
3. 11 ሰዓት ከ30፦ ያላለቀውን ነገር ሁሉ በደብተር ጻፉ፤ የሚደወልለት ሰው፣ የሚመጣ ዕቃ፣ ያልተከፈለ ሒሳብ። ጭንቅላት ውስጥ የቀረ ጉዳይ ሌሊት ይቀሰቅሳል። ደብተሩን ሱቅ ውስጥ ተዉት፤ ቤት አትውሰዱት።
4. በቴሌግራም የምትሸጡ ከሆነ «ሰኞ እንመልሳለን» የሚል መልእክት ለጥፉና ማሳወቂያውን አጥፉ።
5. 12 ሰዓት፦ በሩን እስከ መሬት ዝጉት።

«እስከ መሬት» ያልኩት በምክንያት ነው። ግማሹ ወርዶ ግማሹ ክፍት የቀረ የቆርቆሮ በር ታውቃላችሁ። ባለሱቁ ውስጥ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ከታች አንድ እጅ ብር ይዞ ይገባል፣ ሻማ ይዞ ይወጣል። ከዚያ ሌላ እጅ ይገባል። ይህ ሰው እየሸጠ እንዳይባል ዘግቷል፣ እያረፈ እንዳይባል ከፍቷል፤ ደክሞ ብቻ ያመሻል። ወይ ክፈቱ፣ ወይ ዝጉ።

ቁልፉን ለተቀጣሪ ሰጥታችሁ «እኔ አርፋለሁ፣ አንተ ሽጥ» አትበሉ። ትእዛዙ እርሱንም ያካትታል።

ደንበኛ ቤት ድረስ መጥቶ ቢያንኳኳስ? በትህትና ጎረቤት ሱቅ አመልክቱት። እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ያለ ነጋዴ ይህን ለማስረዳት አይቸገርም። ዓርብ ለጁምዓ ሶላት ሱቁን ዘግቶ የሚሄድ ጎረቤት አለው፤ ያ ጎረቤት ለፈጣሪ ብሎ በር መዝጋት ምን እንደሆነ ያውቃል። አስቀድማችሁ ንገሩት። ደንበኛችሁን በደስታ ያስተናግድላችኋል፤ እናንተም ዓርብ የእርሱን ታስተናግዳላችሁ።

ደረጃ 5፦ የቡና ወቅት

«ሌላ ጊዜ እሺ፣ አሁን ግን ቡና ነው» የሚለው ቃል ዕረፍትን ሁሉ የሚሰብረው ነው። መጽሐፉ ግን ይህን ሰበብ አስቀድሞ አይቶታል። ዘጸአት 34፥21 በሰባተኛው ቀን ታርፋለህ ካለ በኋላ በምታርስበትና በምታጭድበት ዘመንም ታርፋለህ ብሎ ይጨምራል። ሥራ በቀዘቀዘበት ወር ማረፍማ ማን ያቅተዋል? ጥያቄው የሚመጣው በጎማ ወይም በማና ወረዳ ያለው ማሳ ቀይ በቀይ ሆኖ፣ ዋጋው ደህና ሲሆን፣ ዝናብ ያሰጋ ሲመስል ነው። አምላክ ይሰጣል ማለትም የሚፈተነው ያኔ ነው።

እንዲህ አድርጉ፦

1. የመጨረሻውን ቀይ እሸት ቅዳሜ እስከ ረፋድ ብቻ ልቀሙ። እሸት ጆንያ ውስጥ ካደረ ይሞቃል፣ ይቦካል፣ ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ እጃችሁ ላይ እሸት አይገኝ።
2. የተለቀመውን ቅዳሜውኑ ለማጠቢያ ጣቢያ አስረክቡ። ሰዓቱን በሳምንቱ መሃል ከተረካቢው ጋር ተነጋገሩ።
3. ጀንፈል (ከነቅርፊቱ የሚደርቅ ቡና) የምታደርቁ ከሆነ ቅዳሜ አዲስ እሸት ማድረቂያ አልጋ ላይ አታውጡ። አዲስ እሸት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ማገላበጥ ይፈልጋል። የዓርቡን ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በደንብ አገላብጣችሁ ስስ አድርጋችሁ ዘርጉት።
4. ሸራውን አልጋው አጠገብ አስቀምጡ፤ ማን እንደሚያለብስም አስቀድማችሁ ስም ጠርታችሁ ተስማሙ።

እሑድ ዝናብ ከመጣ ሮጣችሁ አልብሱት። ሲያባራ ግለጡት፤ የተጠጋጋ ካለ በእጅ በተን በተን አድርጉት። ጌታ በሬው ጉድጓድ ቢወድቅበት በሰንበት ወዲያው የማያወጣው ማን ነው ብሎ ጠይቋል (ሉቃስ 14፥5)። የሚጠፋን ነገር ማዳን ይህ ነው። ነገር ግን «እግረ መንገዴን» እያሉ ዘንቢል ይዞ ወደ ማሳ መግባት ሌላ ነገር ነው። ራሳችሁን የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህን ዛሬ ባልነካው ይጠፋል ወይስ ትርፉ ይቀንሳል? የሚጠፋ ከሆነ አድኑት። የሚቀንሰው ትርፍ ብቻ ከሆነ ተዉት።

ማሳ የሚጠብቅ ሰው ካለ በሌላ ቀን ሙሉ ዕረፍት ስጡት፤ ደመወዙን አትቁረጡ።

ደረጃ 6፦ ቀኑን መዋል

ቅዳሜ ማታ አብራችሁ እራት ብሉ። አንድ መዝሙር ከዳዊት አንብቡ፣ አመስግኑ፣ ቶሎ ተኙ። ኤልያስ ተስፋ ቆርጦ ከክትክታው ዛፍ በታች በወደቀ ጊዜ መልአኩ ስብከት አልጀመረለትም። እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፤ በልቶ ጠጥቶ እንደገና ተኛ (1ኛ ነገሥት 19)። ሥጋችሁ ከዛለ እንቅልፍ መንፈሳዊ ያልሆነ አይምሰላችሁ።

እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ምሳ፣ ከዚያ ቡና። ከሰዓት በኋላውን በፕሮግራም አታጣቡት። አንድ ጉባኤ፣ አንድ ስብሰባና ሁለት ልምምድ የተሞላ እሑድ ሌላ የሥራ ቀን ነው። አቅም ካለ ወደ ጂረን ኮረብታ በእግር ወጣ በሉ። የታመመ ጠይቁ። ለቅሶ ካለ ሂዱ፤ ኢየሱስ በሰንበት የፈወሰው ለዚህ ነው፤ ምሕረት ዕረፍቱን አያፈርስም።

ረጅም እንግዳ ማስተናገድ ግን አስቡበት። እንግዳ ከመጣ ያለውን አብሮ ይብላ፤ አዲስ ወጥ አይጣድ።

ስልክ፦ ለጥሪ ብቻ ክፍት ይሁን። የቡና ዋጋ፣ የዶላር ዋጋ፣ የገበያ ወሬ የሚመጣባቸውን ግሩፖች አትክፈቱ። ዋጋውን እሑድ ብታውቁት እሑድ አትሸጡትም።

ደረጃ 7፦ ፍርሃቱ ሲመጣ

ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከምሳ በኋላ ቤቱ ጸጥ ሲል ነው። «ይሄኔ ማን ገዝቶ ይሆን? ደንበኞቼ ሄዱ። የቤት ኪራዩስ?» ይላል። ያኔ፦

መጀመሪያ፣ ሒሳብ አትሥሩ። የፍርሃት ሒሳብ ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው።

ቀጥሎ፣ ማቴዎስ 6ን ከቁጥር 25 ጀምራችሁ እስከ መጨረሻው ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። «ለነገ አትጨነቁ» የሚለው ላይ ስትደርሱ የሚያስጨንቃችሁን ነገር በስሙ ጥሩና ለእግዚአብሔር ስጡ። «ኪራዩን» በሉ፤ «የልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ» በሉ። ድፍን ጸሎት ድፍን ጭንቀትን አያነሳም።

ከዚያ ተነሱና ሰው አጠገብ ሂዱ። ብቻውን የሚያርፍ ሰው ቶሎ ይፈራል።

በምድረ በዳ በሰባተኛው ቀን መና ልልቀም ብለው የወጡ ነበሩ፤ ምንም አላገኙም። እነርሱ የራባቸው ሰዎች አልነበሩም፤ የሁለት ቀኑ እንጀራ ድንኳናቸው ውስጥ ነበር። እናንተም ፖስታውን አይታችሁ ተመለሱ።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

አንድ ሳምንት ቢያመልጣችሁ። በሚቀጥለው ሳምንት እጥፍ ለማረፍ አትሞክሩ። የት ላይ እንደፈረሰ ለዩ፤ ልብስ ነው፣ ገንዘብ ነው ወይስ ስልክ? ያንን አንድ ነገር ብቻ አስተካክላችሁ ቀጥሉ። ሰንበት ስለ ሰው ተፈጠረ እንጂ ሰው ስለ ሰንበት አልተፈጠረም (ማርቆስ 2፥27)፤ ራሳችሁን አትግረፉ።

የትዳር ጓደኛችሁ ካልተስማማ። አትከራከሩ። ለአንድ ወር በግማሽ ቀን እንሞክረው በሉና የወሩን ሒሳብ አብራችሁ እዩ። ቁጥሩ ራሱ ይናገር።

አሠሪ እሑድ ግቡ ካለ። ከሥራ ባልደረባ ጋር ፈረቃ ተቀያየሩ፤ በምትኩ የበዓል ፈረቃውን ያዙለት። እምቢ ከተባለ በሳምንቱ ውስጥ ሌላ ሃያ አራት ሰዓት ፈልጉ። ሥራችሁን በስሜት አትልቀቁ።

ደንበኛ ቢሄድ። የተወሰነ ይሄዳል። ሰኞ በሰዓቱ መክፈትን አጥብቁ። ደንበኛ የሚያማርረው መቼ እንደምትከፍቱ ሲያጣ ነው።

ዕረፍቱ ራሱ ቢያቁነጠንጣችሁ። ዓመታት በሩጫ የኖረ ሰው መጀመሪያ ላይ እጁን የት እንደሚያደርግ ይጠፋዋል። የተለመደ ነው። ሥራ አትፈልጉለት፤ ልጅ ያዙ፣ ተራመዱ፣ ተኙ።

ፖስታው ላይ ቢተርፍ። አንዳንድ ሳምንት ይተርፋል። ለዕቃ ግዢ አትመልሱት። በቡና ወቅት ከሆነ መጀመሪያ የምታስቡት ከሩቅ መጥተው በኪሎ እየተከፈላቸው የሚለቅሙትን ሰዎች ነው። እነርሱ እሑድ ካልለቀሙ እሑድ አይበሉም። ስለዚህ ሒሳባቸውን ቅዳሜ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሙሉ በሙሉ ክፈሏቸው፤ ዘዳግም 24 የምንደኛውን ደመወዝ በቀኑ ስጠው ይላል። ከፖስታው የተረፈውን የእሑድ ቀለብ አድርጋችሁ ጨምሩላቸው። ስትሰጧቸውም ለሰኞ ሥራ እንደ ቀብድ እንዳልሆነ ንገሯቸው፤ ካልነገራችኋቸው እሑድ ጠዋት ዘንቢላቸውን ይዘው ማሳ ውስጥ ታገኟቸዋላችሁ።